ለሴና የተላኩ ሽማግሌዎች

«ሴናማ ቡሬ ናት፤ አክስቷ ጋ። ክረምቱን እዚያው ትጨርስ ብለን ነው። ኧረ ደህና ናት! ወተቱን እየጠጣች እንዲያውም ወፍራለች አሉ» እያሉ አቶ ነገራ በስልክ ያወራሉ፤ ማህደር ደግሞ ከፊታቸው ቆማ ለዚህችው ለሴና ምሳ ትቋጥራለች። ምሳ ዕቃው ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ ከታች ሽሮ፣ ከመካከል ጎመን በሥጋ፣ ከላይ አይብ። ቃሪያ ጨምራ ነበር፤ መድኃኒቱ የእህቷን ጨጓራ እያስቸገረው መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ አወጣችው። ቡሬ ለመድረስ መኪና መሳፈር ያስፈልጋል። ይህ ምሳ የሚሄደው ግን እዚሁ መቱ፣ ጎሬ መውጫ ላይ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ማረፊያ ነው፤ ከቤታቸው በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ። አባቷ ይህን ያውቃሉ። ምሳውንም እያዩት ነው። እያዩት የቡሬውን ወተት አልበቃ ብሏቸው ቅቤ ጨመሩበት፤ «አክስቷ እኮ ቅቤ ያለ ልክ ነው የምታበላት» አሉ። ማህደር የምሳ ዕቃውን ክዳን ከሚገባው በላይ አጥብቃ ገጠመችው።

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያሉት እትዬ ቦጋለች ናቸው፤ የሮብሳን እናት። ሮብሳን ያዮ ከተማ የሚያስተምር የማህደር እጮኛ ነው፤ ሰርጋቸውም ለጥር ተቆርጧል። እትዬ ቦጋለች በሳምንት ሁለት ጊዜ እየደወሉ የቤቱን ሰው በየተራ ይጠይቃሉ። ሴና ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ይረዝማል፤ የጠረጠሩት ነገር ይኑር አይኑር ግን አይታወቅም። ማህደርን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ውሸቱ የሚዋሸው በእሷ ስም ነው። እብድ እህት አለቻት ተብሎ ጋብቻው እንዳይፈርስ ነው ሴና ቡሬ የሄደችው፤ ወተት የጠጣችው፤ የወፈረችው። እስቲ አሁን ማን ለምኗቸው ነው? ማህደር አልለመነችም። ሃያ ቀን ሙሉ ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነው፤ እኔ አልለመንኩም።

አቶ ነገራ እንዲያው ውሸታም ሰው ቢሆኑ እኮ ጥሩ ነበር። መቱ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በቡና መሬት ሲካሰስ፣ ጎረቤት አጥር ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር የተሠራው ለሽምግልና ነው፤ አብረዋቸው የሚሸመግሉት ኦቦ ባጫ በኦሮምኛ እንደሚሉት ለጃርሱማ። እዚያ ወንበር ላይ ያልታረቀ ሰው በከተማው ጥቂት ነው። አንድ የማያወላውል ደንብም አላቸው፦ የበደለው ሰው ራሱ እግሩን አንስቶ ካልመጣ እርቅ አይጀምሩም። ስንቱን ባለ ሀብት «ወኪልህን ሳይሆን አንተን ነው የምፈልገው» ብለው ከበር መልሰዋል። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ማረፊያው የጻፈላቸውን ደብዳቤ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ሦስት ሳምንት የሚዞሩት።

ደብዳቤው አጭር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል የታካሚዋ ቤተሰብ በሙሉ ተገኝቶ ከልጅቷ ጋር ምሳ ይበላል፤ ከምሳ በኋላም ውይይት ይደረጋል ይላል። ማኅተም አለው። ችግሩም ማኅተሙ ሳይሆን አይቀርም፤ አቶ ነገራ የፍርድ ቤት መጥሪያ እንደደረሰው ሰው መነጽር አድርገው ሦስት ጊዜ አንብበውት «ከሰሰችኝ ማለት ነው?» ብለው ነበር። በመጀመሪያው ሐሙስ ቡና ሊረከቡ ኖፓ ሄዱ። በሁለተኛው ሐሙስ ወገባቸውን አመማቸው። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ማረፊያው ውስጥ ያሉት አልጋዎች ሰባት ናቸው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ደግሞ ዘጠኝ። የማረፊያው ነርስ ሲስተር ሲሃም ባለፈው ሳምንት በግልጽ ተናግራለች፦ አባትየው ዛሬም ካልመጡ ሴና መድኃኒቷን ይዛ ነገ ትወጣለች፤ ቤተሰቡ ለሚመጣለት ልጅ አልጋው ይሰጣል። ትወጣና የት ትሄዳለች? ወደዚያው ቤት፣ ጓሮ ወዳለችው የቡና ማከማቻ ክፍል።

«አባዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ማህደር፣ ስልኩ ሲዘጋ።

«አውቃለሁ።»

«ካልመጡ ያስወጧታል።»

«እኔን ምን ይሁን ብለው ነው ከልጄ ጋር አስቀምጠው የሚመረምሩኝ? እኔ አልታመምኩ! ሐኪም ቤት የሚቀመጥ የታመመ ሰው ነው።» ጫማቸውን በእግራቸው ከወንበሩ ሥር ፈልገው አገኙት። ከዚያ ለስለስ ብለው «አስቤበታለሁ፤ አሳፍሬሽ አላውቅም። አንቺ ምሳውን ይዘሽ ቅደሚ» አሉ።

ማህደር ደስ አላት። ሞኝነቷ! ወደ ሥራዋ ስትሄድ ዝናቡ እንኳ አላስከፋትም። የምትሠራው መናኸሪያው አጠገብ ባለ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ነው፤ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ትውላለች። ያን ዕለት ጠዋትም አንድ ገበሬ ቁጭ ብሎ ስለ በሬው ሲያስጽፋት፣ አባቷ ማረፊያው በር ላይ ጃንጥላቸውን ሲያጥፉ እየታያት ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አስፈቅዳ ወጣች። ከመንገድ ዳር አራት አቮካዶ በአርባ ብር ገዛች፤ ሻጯ «ለጥየቃ ነው? ሆስፒታል ማን ተኝቶብሽ ነው?» ስትላት «የጓደኛዬ እናት» አለቻት። አፏ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣው። ባጃጅ ነጂውም ጎሬ መውጫ ስትለው በመስተዋቱ አይቷት «ያ የልጆቹ ቤት ጋ?» አላት። «እዚያ አካባቢ» አለችው፤ ሃምሳ ብር ጠየቃት፤ ሳትከራከር ከፈለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተከራክራ ወደ ሠላሳ ብር ታስወርደው ነበር።

ማረፊያው የአንድ ቡና ነጋዴ መኖሪያ የነበረ ሰፊ ቤት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ አልጋና ወለል ላይ የተነጠፈ አንድ ፍራሽ አለ፤ አልጋው የልጁ፣ ፍራሹ የአስታማሚው። ያለ አስታማሚ የሚያስተኙት ልጅ የለም። የሴና አስታማሚ እናታቸው ሻሽቱ ናት፤ ሃያ ቀን ወለል ላይ ተኝታ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏል። ሻሽቱ የምትናገር ሴት አይደለችም። አንድ ጠዋት ባሏ ዕድር በሄዱበት የቡናውን ክፍል በር ከፍታ፣ ልጇን ነጠላ አከናንባ፣ በባጃጅ ወደዚህ ስታመጣትም ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ጋር የተለዋወጡት ቃል በማህደር በኩል የሚላክ ነው፤ ሳሙና አልቋል፣ ሳሙና ላኩ፣ ብርድ ልብሱ ደርሷል ወይ፣ ደርሷል። ማህደር በሁለቱ መካከል ስትመላለስ ሃያ ቀን ሆኗታል። አንዳቸውም አንቺስ እንዴት ነሽ ብለዋት አያውቁም።

ሴና በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ዝናቡን ታያለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሚያዝያ ላይ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ቀጥሎ ከኮርኒሱ ላይ ስሟን የሚጠሩ ሰዎች መጡ፤ ቀጥሎ በትምህርት ቤት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ በዝናብ እስከ ሶር ድልድይ ሄደች፤ ሰው ይዟት መጣ። አሁን መድኃኒቱ ሰዎቹን ዝም አሰኝቷቸዋል፤ ምላሷን ግን ትንሽ አክብዶታል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲስተር ሲሃም «ምን ይሰማሻል?» ባለቻት ቁጥር የምትመልሰው «ምንም» ብቻ ነው። በመጣችበት ዕለት ያደረገችው ነገር ግን ነበር፦ ቤቱን ዞራ በሮቹን ሁሉ በእጇ ነካች። ቁልፍ የላቸውም። ያን ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተኛች።

«አባዬ ይመጣል?» አለቻት ማህደርን። ስትጠይቅ አላየቻትም።

«ይመጣሉ። አስቤበታለሁ ብለዋል።»

ስድስት ተኩል ሆነ። የሌሎቹ ልጆች ቤተሰቦች በየክፍላቸው ትሪ ከበው መብላት ጀመሩ። ሻሽቱ ምሳውን አቀረበች፤ እንጀራውን በሌላ እንጀራ ሸፈነችው። ሽሮው ቀዘቀዘ። ሲስተር ሲሃም መዝገቧን ይዛ አንዴ አለፈች፤ ተመልሳ አለፈች። ወጣት ናት፤ እዚሁ መቱ ጨርቅ በሚሸጡ ሰዎች ቤት ያደገች። ልጆቹ ፊት ስትስቅ ውላ ቢሮዋ ገብታ ግንባሯን ይዛ የምትቀመጥ ዓይነት ናት። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ተንኳኳ። ማህደር ሮጣ ሄዳ ከፈተች።

ሦስት ጃንጥላ ቆሟል። ከመጀመሪያው ሥር ኦቦ ባጫ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከሁለተኛው ሥር ጋሽ ወልደ የሱስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከሦስተኛው ሥር ሐጂ ሱፊያን አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ታቅፈው። ከኋላቸው ማንም የለም። ማህደር አንገቷን አውጥታ መንገዱን አየች፤ የመጡበት ባጃጅ ብቻ ነው የሚዞረው።

«አባትሽ ልኮን ነው» አሉ ኦቦ ባጫ፣ በኩራት። «ከልጄ ጋር አለመግባባት ተፈጥሯል፤ ገብታችሁ አስታርቁን ብሎናል።»

ማህደር መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሰውዬው በርግጥ አስበውበታል! ሌሊቱን ሙሉ ሳይገላበጡ አልቀሩም። የተጣላ ሰው ዘሎ ከተጣላው ጋር ግንባር ለግንባር አይገጥምም፤ ሽማግሌ ይልካል። በዕድሜያቸው የሚያውቁት ወግ ይኸው ነው። ልጃቸው አእምሮዋን ታማ ብትተኛባቸው፣ ምሳ አብረን እንብላ ብላ ብትጠብቃቸው፣ የላኩት ሽማግሌ ነው። ጃንጥላዎቹን ተቀብላ በኃይል አራገፈቻቸው።

ሲስተር ሲሃም በመዝገቧ ጫፍ መንገዱን ዘጋችው። «ይቅርታ አባቶቼ፣ ዛሬ የሚገባው የቤተሰብ አባል ብቻ ነው። አባትየውስ የታሉ?»

«ወክሎናል» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ሕክምና በውክልና አይሆንም እኮ አባቴ!»

«ለምን አይሆንም? እኔ የወንድሜን ቤት በውክልና ሸጫለሁ» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ፤ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ እየጠረጉ ገብተውም ነበር። እናንተ እነማን ናችሁ፣ የማን ልጅ ነሽ ሲባባሉ ሐጂ ሱፊያን የሲስተር ሲሃምን አባት እንደሚያውቋቸው ታወቀ፤ የእናቷም ዘመድ ሆነው ተገኙ። ነገሩ በዚያው አበቃ። ለአራት ሰው የቀረበውን ምሳ ለስድስት አደረጉት። ሐጂ ጎመኑን በሥጋ ትተው በአቮካዶና በሙዝ ምሳቸውን ጨረሱ፤ ጋሽ ወልደ የሱስ ሽሮውን አሞገሱ፤ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ያዮ መንገድ ላይ ስለተቀበረው የጭነት መኪና ተወራ። ሻሽቱ አጎረሰቻቸው። ሲስተር ሲሃም በሩ ላይ ተደግፋ በሰዓቷ ላይ ዓይኗን ተክላለች። ማህደር በልቧ፣ በቃ ሴና ነገ ትወጣለች፣ አለች።

ያን ጊዜ ሴና ሳቀች። ትንሽ ነው፤ በአፍንጫዋ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። ከሚያዝያ ወዲህ ስትስቅ ያያት ሰው አልነበረም። እጇን ታጠበች፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ጎትታ ከግድግዳው አስጠግታ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠች፤ ከፊት ለፊቱ ሁለት በርጩማ አኖረች፤ በሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ቀድታ በሽማግሌዎቹ ፊት አሰለፈች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ፈሰሰ። ይህን ሥራ ማንም እንዲያስተምራት አያስፈልግም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በአባቷ ሳሎን ውኃ እያቀረበች፣ ኩባያ የምታነሳ መስላ የስንቱን ጠብ ከመጋረጃው ሥር ሰምታ ነው ያደገችው። ከዚያ በአንዱ በርጩማ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሌላው፣ የበደለው ሰው የሚቀመጥበት፣ ባዶውን ቀረ። ማህደር በአግዳሚው ጫፍ ከሐጂ ሱፊያን አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ ወገን።

«ኢንታላ ኮ» አሉ ኦቦ ባጫ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቃልሽን ስጪ። ማን በደለሽ?»

ሲስተር ሲሃም ተንቀሳቀሰች። የታመመ ልጅ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ በሥልጠናዋ ላይ ይህን አልተማረችም። አፏን ከፈተች። ሴና መናገር ጀምራ ስለነበር ግን ሲስተሯ አፏን መልሳ ገጠመችው።

«በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው» አለች ሴና። ምላሷ ስለከበዳት ቃሉን አንድ በአንድ ነው የምታወጣው። «ለማህደር ሽማግሌ ሊመጣ ነበር። አባዬ እንግዶቹ እስኪሄዱ ሴና የቡናው ክፍል ትቆይ አለ። ማህደር ነይ ቀሚሴን እይልኝ ብላ ወሰደችኝ። አስገባችኝና ዘጋችው። ጓጉንቸሩን ስትቆልፈው ሰማሁት። ‹ማህደር› አልኳት። አልሄደችም ነበር፤ በበሩ ሥር ጫማዋ ይታየኛል። አዲሱ ጫማዋ ነው። ‹ማህደር› አልኳት። አልመለሰችልኝም።»

ሴና ከተሰለፉት ኩባያዎች አንዱን አንስታ ጠጣች።

«ጋሽ ወልደ የሱስ፣ እርስዎም ነበሩ። ሳቅዎን አውቀዋለሁ። ስለ በቅሎ የሆነ ነገር ተናግረው ሁሉም ሳቀ።»

ጋሽ ወልደ የሱስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ቡሬ ናት ነው የተባልነው እኮ» አሉ ለማንም ሳይሆን።

«ስንት ቀን ነው?» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ያን ቀን እስከ ማታ። ከዚያ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ከዚያ እንግዳ ሳይመጣም። የመጨረሻው አሥራ ሁለት ቀን ነው።»

«የበደለሽ ማን ነው እንበል?»

«አባዬ ነው። ማህደርም ናት።»

«እናትሽስ?»

ሴና ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ ዘገየች። ግን ከፈተችው።»

ሻሽቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ማህደር ወለሉን ታይ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን የምታስታውሰው በሌላ መልክ ነው፤ አባዬ ቆለፉ፣ አባዬ ደበቁ፣ አባዬ ዋሹ። ሃያ ቀን ሙሉ የተናደደችው፣ ምሳ ያመላለሰችው፣ ከሁሉም ይልቅ እኔ ነኝ ለዚህች ልጅ የቆምኩት ያለችው፣ በዚያ መልኩ አምና ነው። አሁን ግን የጓጉንቸሩ ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ መጣባት። ከክፍሉ ውጭ የቆመችው ለምን እንደነበር አስታወሰች። ልትከፍት አስባ አልነበረም። ሴና ጮክ ብላ እንዳትጮህ ነበር የፈራችው፤ እንግዶቹ በር ላይ ደርሰው ነበርና።

ኦቦ ባጫ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ለመጫን ጊዜ ወሰደባቸው። «ነገራ፣ አማ ኮቱ። አሁኑኑ ና» አሉ። ከወዲያ በኩል ረጅም ንግግር ተሰማ፤ ወገብም ተጠቀሰ። ኦቦ ባጫ እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና «የበደለ ሰው ራሱ ካልመጣ አልቀመጥም የምትል አንተ ነህ። ነጋድራስ የሚያህለውን ባለ ሀብት ሁሉ ከደጅህ መልሰህ አሁን ሽማግሌ ልላክ ትላለህ? ሐጂ በባጃጅ እየመጣልህ ነው» ብለው ዘጉት። ሐጂ ሱፊያን ጃንጥላቸውን ሳይፈልጉ ወጡ።

አባቷ እስኪመጡ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ ማህደር አታውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማ ነበር። ሲስተር ሲሃም ለሴና መድኃኒቷን በሰዓቱ ሰጠቻት። ስምንት ሰዓት ሲሆን አቶ ነገራ ኮታቸው ትከሻው ላይ ረጥቦ ገቡ። ክፍሉን አዩ፤ ባዶውን በርጩማ አዩ። እንዲህ ባለ በርጩማ ላይ ሰው ሲያስቀምጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ተቀምጠውበት ግን አያውቁም። እንደምንም ተቀመጡበት። ኦቦ ባጫ ያን ጊዜ ወደ ማህደር ዞረው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አንቺም ወዲያ ተሻገሪ» አሏት።

ማህደር ተነሣች። ከአግዳሚው እስከ በርጩማው አራት እርምጃ አይሞላም። ሲስተር ሲሃም ከቢሮዋ ወንበር አምጥታ ከአባቷ አጠገብ አስቀመጠችላት። አቶ ነገራ ገና የተወራውን አልሰሙምና ምን ልትሠሪ መጣሽ በሚል ዓይን አዩዋት፤ ቀጥሎ ግን ሳይገባቸው አልቀረም፣ በርጩማቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው የለመዱትን ንግግር ጀመሩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጅ የሌለው ሰው አይረዳኝም፣ የሰው አፍ ክፉ ነው። «የማንን አፍ ነው የፈራኸው?» አሏቸው ኦቦ ባጫ። አቶ ነገራ ማህደርን በጎን አዩ። ከዚያ ሴናን ቀና ብለው አዩና «አጥፍቻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። ማህደርም «እኔም» አለች። ሌላ ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ያዘጋጀችው አልነበራትም።

«ካሣሽ ምን ይሁን?» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ጊደር ይስጣት» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ፤ ለመካስ ቸኩለዋል። «ወይ ጥሩ ቀሚስ።»

«በሩ ይነቀል» አለች ሴና።

«ጓጉንቸሩን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ ልጄ» አሉ አባቷ።

«ጓጉንቸርማ ሱቅ ሞልቷል። በሩ ነው።»

«ቡናው ይሰረቃላ!» አሉ አቶ ነገራ። ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ሁሉም አዩዋቸው፤ ሻሽቱ እንኳ፣ ሃያ ቀን ቀጥ ብላ ያላየቻቸው ሻሽቱ፣ አየቻቸው። ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «እሺ፣ ይሰረቅ» አሉ።

ሲስተር ሲሃም መዝገቧ ላይ አባት ተገኝተዋል ብላ ጻፈች። ጽፋም በብዕሯ አመለከተቻቸው፤ «አልጋው አይነካም። የሚቀጥለውም ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው፤ ከእነ ወገብዎ ይመጣሉ።» አቶ ነገራ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ነው። ሴና በዚያች ደቂቃ ደክሟት ወደ አልጋዋ ሄዳ ነበር። ለማህደር አንድም ቃል አልተናገረቻትም። እርቅ ወርዷል ተባለ እንጂ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አሜን ያለችው ወደ ግድግዳው ዞራ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባትና ልጅ ጓሮ ቆመው በሩን ይነቅላሉ። ዝናቡ አባርቷል። አናጺ ይጠራ ቢሉ ለምን ተነቀለ የሚል ጥያቄ ይመጣል ብለው ይሁን፣ አፍረው ይሁን፣ አቶ ነገራ ብሎን መፍቻ ተውሰው ራሳቸው ጀመሩት። ማጠፊያው ዝጓል። ከበሩ ውስጠኛ በኩል፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ጣውላው በጥፍር ተፍቆ ነጥቷል፤ ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ። የታችኛው ማጠፊያ ተፈትቶ በሩ ወደ አቶ ነገራ ትከሻ ሲያዘነብል፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«አንሺው፣ እጄ ተይዟል» አሉ። አወጣችው። እትዬ ቦጋለች ናቸው። ጠዋት ደውለው ነበር፤ የሰርጉን የድንኳን ነገር ረስተውት ኖሯል። ስለ ድንኳኑ አወሩ፤ አባትሽ ደህና ናቸው ወይ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ረዘም አለ። «ሴናዬስ? ከቡሬ መቼ ነው የምትመለሰው?»

ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ክረምቱን እዚያው ትጨርስ ብለን ነው። ወተቱም ቅቤውም ተዘጋጅቶ ቀርቧል፤ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። አባቷ በሩን በትከሻቸው ደግፈው አፏን አፏን ያያሉ፤ ንገሪያትም አይሏት፣ ተዪውም አይሏት።

«እትዬ ቦጋለች» አለች ማህደር፣ «ሴና ቡሬ አልሄደችም። እዚሁ መቱ ናት፤ አእምሮዋን ታማ ተኝታለች። ሽማግሌ የላካችሁ ቀንም እዚሁ ነበረች፤ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ። የቆለፍኩባት እኔ ነኝ።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ የእትዬ ቦጋለች ትንፋሽ ይሰማል። ማህደር መልስ እስኪመጣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ በሩን በአንድ በኩል ያዘችላቸው፤ አባቷ ብቻቸውን ሊያነሡት አልቻሉም ነበር።